የአያት ስም

ዘንድሮ የአማርኛ ክበባችን ለዚህ መጽሔት የጽሑፍ ውድድር ሲያወጣ እኛ መንትዮቹ ከሁሉ ቀድመን ተመዘገብን። ርእሱ «ልብ አንጠልጣይ ታሪክ» የሚል ነበር። አንዳችን ወንድ አንዳችን ሴት ብንሆንም ስንጽፍ እንደ አንድ ሰው ነን፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ይጽፋል፤ በኋላ የትኛው ቃል የማን እንደሆነ ራሳችንም አንለየውም። ስለዚህ እዚህም «እኛ» እያልን እንቀጥላለን።

የመጀመሪያው ድርሰታችን አሥራ አንድ ገጽ ነበር። አንድ ባለጸጋ ሽማግሌ አለ፤ በአዲስ አበባ ትልቅ ቪላ ውስጥ ይኖራል፤ የጠፋ ልጅ አለው፤ የወርቅ ቀለበት ይገኛል፤ መርማሪ ፖሊስ ይመጣል። አዲስ አበባን ሁለታችንም አይተናት አናውቅም። ቪላውን ያገኘነው ከተከታታይ ድራማ ነው። የአማርኛ መምህራችን ደብተሩን እስከ መጨረሻው አነበቡና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጎበዞች፣ ይህ ሽማግሌ አባቱ ማን ነው?» አሉን።

አላሰብንበትም ነበር።

«አያቱስ? ከየት ነው የመጣው? አባትና አያት የሌለው ሰው የጠፋ ልጅ ቢያገኝ ባያገኝ ለእኔ ምኔ ነው? ሂዱና መጀመሪያ የራሳችሁን ሰባት ቤት ቆጥራችሁ አምጡ። ልብ የሚያንጠለጥል ነገር የሌለበት ቤተሰብ የለም።»

እዚህ ካርቱም ተወልደን ላደግን ልጆች ሰባት ቤት መቁጠር ከባድ የቤት ሥራ ነው። አገር ቤት ሽማግሌዎች ለጋብቻ ሲሉ ይቆጥሩታል፤ ሁለቱ ወገኖች እስከ ሰባት ትውልድ ድረስ ዝምድና እንደሌላቸው ሳይረጋገጥ ዳስ አይጣልም። እኛ ግን የምናውቀው ፎርም ላይ ያለውን ብቻ ነው፦ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ሦስት መስመር። በእናታችን በኩል፣ እናታችን ጎንደር ላሉት አጎቷ ስልክ ደውላ፣ አምስተኛው ላይ ደረስን። በአባታችን በኩል ግን ሦስተኛው መስመር ላይ ቆምን። አያታችን በጦርነቱ ጊዜ እንደሞተ ይነገረናል፤ ስሙን እናውቃለን፤ ከዚያ ወዲያ ጨለማ ነው።

እምዬን ጠየቅናት። እምዬ የአባታችን እናት ናት። ስማችንን ያወጣችልን እሷ ናት፤ ያሳደገችንም እሷ ናት ማለት ይቻላል። በሶባ አስፋልቱ ዳር በራኩባ ጥላ ሥር ሻይ ትሸጣለች፤ ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን «ሐቦባ» ይሏታል። «እምዬ፣ የአያታችን አባት ማን ይባል ነበር?» ብንላት፣ «ውሃ ቀድታችኋል?» አለችን። በማግሥቱ ደግመን ብንጠይቃት ዝንጅብል አልቆባታልና ሱቅ ላከችን።

ያኔ ነው ካርዶቹ ትዝ ያሉን።

ነገሩ የሆነው ከዚያ በፊት፣ በ2012 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ነው። ያንን ክረምት የዚህ ትምህርት ቤት ልጅ የሆነ ሁሉ ያስታውሰዋል። ዓባይ ካርቱም ላይ ከ17 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ በመላ አገሪቱ የሦስት ወር የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አባታችን ከሰፈሩ ወንዶች ጋር አሸዋ በጆንያ እየሞላ ወንዙ ዳር ሲያድር፣ እኛ ከእናታችን ጋር ዕቃ ወደ ጣሪያ እናወጣ ነበር። የእምዬን የእንጨት ሳጥን ስናነሣ ታችኛው ጣውላ ረጥቦ ስለነበር ተገነጠለ። ውኃው ከጎደለ በኋላ እርጥቡን ወረቀት ሁሉ ፀሐይ ላይ አሰጣነው፤ የክትባት ወረቀት፣ የኪራይ ደረሰኝ፣ የአባታችን መንጃ ፈቃድ ቅጂ። ከመካከላቸው በጥቁር ክር የታሰሩ ሁለት ያረጁ ካርዶች ነበሩ። ክሩ በስብሶ ስለነበር በእጃችን ላይ ተበጠሰ።

የስደተኛ የራሽን ካርዶች ናቸው፤ በዐረብኛና በእንግሊዝኛ የተጻፉ። አንደኛው የእምዬ ነው፤ ስሟ አለ፣ ከሥሩ «ልጅ፦ 1» ይላል። ሁለተኛው ካርድ ላይ ሰምተነው የማናውቀው የሴት ስም አለ። ከሥሩ የአንድ ወንድ ልጅ ስም፤ ዕድሜ 4። የልጁ ስም የአባታችን ስም ነው። ከስሙ ቀጥሎ ያለው የአባት ስም ግን የእኛ አያት ስም አይደለም።

ካርዶቹ ሲደርቁ በአዲስ ክር አሰርንና ወደ ቦታቸው መለስናቸው። በዚያን ጊዜ የስም መመሳሰል ነው ብለን አልፈነው ነበር። አሁን ግን ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመናል። በአንድ ወገን የወርቅ ቀለበታችንን ያገኘን መስሎን ደስ አለን፤ ያንን አሁን ስናስበው እናፍራለን።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ በሰሜን ኢትዮጵያ ጦርነት ተነሣ። አንድ ማታ አባታችን ሥራ ላይ ነው፤ እናታችን ማኅበር ሄዳለች፤ እኛ ከእምዬ ጋር ቴሌቪዥን እናያለን። ድንበር ተሻግረው የመጡ ሰዎች በመኪና ተጭነው ወደ መጠለያ ሲሄዱ ይታያል። ዜና አንባቢው የመጠለያውን ስም ጠራ፦ ኡም ራኩባ። በገዳሪፍ ግዛት፣ ከድንበሩ ወደ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ብሎ የሚገኝ ቦታ ነው። ከሠላሳ ዓመት በፊት ኢትዮጵያውያን ስደተኞች የኖሩበት እንደነበርና አሁን እንደገና መከፈቱን ተናገረ።

እምዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። «ያንኑ ቦታ?» አለች። «ያንኑ ቦታ ደግሞ ከፈቱት?»

ከዚያ በኋላ እኛ አልጠየቅናትም። ራሷ ተናገረች። የሰማነውን እንዳለ ለመጻፍ እንሞክራለን፤ አንዳንዱን ቦታ እያለቀሰች ስለተናገረችው አልሰማነውም።

«ከደምቢያ በእግሬ ነው የመጣሁት፤ ልጄን አዝዬ። ባለቤቴ ቀድሞ ሞቷል። ኡም ራኩባ ስንደርስ ሳር ሰጡን፤ ራኩባ ሠራን። ከእኔ ራኩባ አጠገብ አንዲት ሴት ከልጇ ጋር ነበረች። ባሏ ሥራ ፍለጋ ገዳሪፍ ሄዷል ትላለች። ጨዋ ሴት ናት። ግን ሰው የሠራውን አትበላም። ዓርብ ቀን ውኃዋንም እንጨቷንም ፀሐይ ሳይጠልቅ ታስገባለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ራሴን አመመኝ ብላ ተሸፋፍና ትተኛለች፤ እሳት አታነድም። አንድ ሁለት ጊዜ አየሁ፤ ገባኝ። አልጠየቅኋትም። በዚያ ቦታ ሰውን ከየት ነህ፣ የማን ወገን ነህ ማለት ሰውን መግደል ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ለልጇ ትኩስ ነገር እኔ እሰጠው ጀመር። እሷም ለምን እንደምሰጠው ገባት። ሁለታችንም ዝም አልን።»

እምዬ ሰዎቹን በዘመኑ በሚጠሩበት ስም ነው የጠራቻቸው። እኛ ቤተ እስራኤል እንላለን።

«በመስከረም ኩፍኝ ገባ። ልጄን ወሰደብኝ። አራት ዓመቱ ነበር። መሞቱን ለመዝጋቢዎቹ አልተናገርኩም። ማንም አይናገርም ነበር፤ የሞተ ሰው እህል ለቀረው ነው። በጥቅምት ደግሞ እሷ በሳል ወደቀች። ስትሞት ልጁ እኔ ምንጣፍ ላይ ተኝቶ ነበር። እዚያው ቀረ። በእኔ ካርድ ላይ አንድ ልጅ አለ፤ አንድ ልጅ አለኝ። ማን ይቆጥራል?»

እዚህ ላይ ቆማ ጀበናውን ወደ እሳቱ አስጠጋች። ቡና አልነበረበትም።

«ከዚያ ሰዎች መጥፋት ጀመሩ። ማታ አይተሻቸው ያደርሻል፤ ጠዋት ራኩባቸው ባዶ ነው። ድስቱ ተቀምጧል፣ ምንጣፉ ተነጥፏል፣ ሰው የለም። ይሸጧቸዋል የሚል አለ፤ ወደ ጦርነት ይወስዷቸዋል የሚል አለ። አንድ ሌሊት ባትሪ የያዘ ጎልማሳ መጣ። አማርኛው የእኛው አገር ነው። ቀስ ብሎ የእሷን ስም ጠርቶ፣ ‹የት ናት?› አለኝ። ‹ሞታለች› አልኩት። ዝም ብሎ ቆመ። ‹ልጁስ?› አለኝ።»

እኛም ትንፋሻችንን ይዘን ነበር።

«‹እሱም› አልኩት። ከነጠላዬ ሥር ተኝቶ ነበር፣ እዚሁ ጉያዬ። ‹እሱም ሞቷል› አልኩት። ሰውዬው ባትሪውን አጠፋና ሄደ። ወንድሟ ይሁን፣ ባሏ ይሁን፣ መልክተኛ ይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም። ወዴት ሊወስዱት እንደነበር ያወቅሁት በኋላ በሬዲዮ ነው። ወደ ዘመዶቹ ነበር።»

ከዚያም አስማለችን፤ ለአባታችን እንዳንነግር።

እዚህ ላይ ታሪኩን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ቃል መናገር አለብን። ያ ሌሊት የሙሴ ዘመቻ የተባለው የሚካሄድበት ጊዜ ነበር። ከኅዳር 12 እስከ ታኅሣሥ 27 ቀን 1977 ዓ.ም. ድረስ ወደ 8,000 የሚጠጉ ቤተ እስራኤላውያን ከገዳሪፍ አካባቢ በአውቶቡስ ወደ ካርቱም እየመጡ፣ ከካርቱም በአንድ የቤልጅየም ኩባንያ አውሮፕላኖች በብራስልስ በኩል ወደ እስራኤል ተወስደዋል። ሁሉም ነገር በምስጢር ነበር፤ ወሬው ሲወጣ ዘመቻው ቆመ። በመንገድና በመጠለያዎቹ የሞቱት ወደ 4,000 እንደሚደርሱ ይነገራል፤ ኢየሩሳሌም ውስጥ በሄርዝል ተራራ መታሰቢያ ተሠርቶላቸዋል። ካርታ አውጥተን ስናይ ያስደነገጠን አንድ ነገር አለ። ከገዳሪፍ በወድ መዳኒ አድርጎ ወደ ካርቱም የሚገባው መንገድ በእኛ ሰፈር በሶባ በኩል ያልፋል። አባታችን የሶባ ሃፍላ ሾፌር ነው። ያ ሌሊት ሌላ መልስ ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ በአራት ዓመቱ ያልፍበት የነበረውን አስፋልት፣ አሁን በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ይመላለስበታል።

ስም ሳንጠራ፣ የሌላ ሰው ታሪክ አስመስለን ለመምህራችን ብንነግራቸው አንድ ፊልም አነሡልን። ራዱ ሚሃይሌኑ የተባለ በሩማንያ የተወለደ የፈረንሳይ ዳይሬክተር እ.ኤ.አ. በ2005 የሠራው ነው። በሱዳን መጠለያ ያለች አንዲት ክርስቲያን እናት፣ ልጇ በሕይወት እንዲኖር ስትል፣ ልጇ የሞተባት የቤተ እስራኤል ሴት ልጅ ነው ተብሎ ከሚሄዱት ጋር እንዲሄድ ታደርገዋለች። የእኛ ቤት ታሪክ የዚያ ግልባጭ ነው። እዚያ ክርስቲያኑ ልጅ በሞተው አይሁዳዊ ልጅ ቦታ ሄደ፤ እዚህ የእሷ ልጅ በሞተው ክርስቲያን ልጅ ቦታ ቀረ። የፊልሙ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ ምስጢሩን ተሸክሞ ይኖራል። በእኛ ቤት ግን ተሸካሚዋ እምዬ ነበረች፤ አሁን ደግሞ እኛ።

ሁለት ወር ያህል ዝም አልን። ምስጢር መጠበቅ በድርሰት ውስጥ ደስ ይላል፤ በቤት ውስጥ ግን እንጀራውን ይመርራል። አባታችን ሲስቅ አብረነው መሳቅ አቃተን። ፊቱን ሰርቀን እናያለን፤ አፍንጫው የማን ነው? አንድ ቀን፣ «ምነው፣ ፊቴ ላይ ምን አለ?» ብሎ እስኪቆጣ ድረስ።

ጥር ላይ የታሪክ መምህራችን ክፍላችንን ይዘው ወደ ጥንታዊቷ ሶባ ፍርስራሽ ለመሄድ አሰቡ። ሃፍላ የሚያከራይ ሲፈለግ አባታችን በነዳጅ ዋጋ ብቻ ሊወስደን ተስማማ። በሶባ ድልድይ ተሻግረን ወደ ምሥራቁ ዳርቻ ሄድን። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ቅር አለን። ፒራሚድ የለ፣ ግንብ የለ። ዝቅ ያሉ ጉብታዎች፣ በመሬቱ ላይ የተበተነ ቀይ የጡብ ስብርባሪ፣ መካከሉ ላይ የሚግጡ ፍየሎች። ከጎረቤት የመጣ ልጅ ዘበኛው ሳያይ አንዲት ስባሪ ሊሸጥልን ሞከረ።

መምህራችን ግን ጉብታው ላይ ቆመው ሲናገሩ ፍየሎቹም የሰሙ ይመስሉ ነበር። ይህች ከተማ የአልዋ መንግሥት ዋና ከተማ ነበረች። አልዋ በ580 ክርስትናን ተቀበለ። በ10ኛው መቶ ዘመን የነበረው ኢብን ሱለይም አል አስዋኒ የተባለ ሰው፣ ያማሩ ሕንጻዎቿን፣ ወርቅ የበዛባቸውን አብያተ ክርስቲያናቷንና አትክልቶቿን ጽፎላታል። ቁፋሮ ሲደረግ በአንድ ጉብታ ላይ ብቻ ሦስት አብያተ ክርስቲያናት ጎን ለጎን ተገኝተዋል። ከዚያ ጠፋች። ሱዳናውያን «ሶባን ያፈረሰቻት ዐጁባ ናት» ይላሉ፤ አንዲት አሮጊት በተንኮል ሰውን ከሰው አጋጭታ አገር እንዳጠፋች የሚተረክ ነው። (ተረት ሁሉ ጥፋቱን በአሮጊት ላይ መጣሉ ያን ቀን አናደደን።) ከ1820ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ካርቱም ስትቆረቆር ጡቡን እየነቀሉ በጀልባ ወስደው ቤት ሠሩበት።

«ስለዚህ» አሉ መምህራችን፣ «ሶባን ማየት የፈለገ እዚህ ቆሞ አያያትም። በካርቱም አሮጌ ግድግዳዎች ውስጥ ናት።»

ከዚያም በእኛ አገር በኩል ያለውን ነገሩን። ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በ1520ዎቹ በዐፄ ልብነ ድንግል ግቢ ሳለ ስድስት ሰዎች ከኖባ መጥተው ነበር። ቄስ ያጣ ሕዝብ ነን፤ ቀሳውስትና መነኮሳት ላኩልን ብለው ለመኑ። ንጉሡም የራሴን ጳጳስ የማገኘው ከእስክንድርያ ነው፤ ከየት አምጥቼ እሰጣችኋለሁ ብሎ መለሳቸው።

አንድ ልጅ እጁን አወጣ። «ታዲያ የሶባ ሰዎች የት ሄዱ?»

«የትም አልሄዱም» አሉ መምህራችን። «የታሪክ ሰዎች እንደሚሉት አብዛኞቹ እዚሁ ናቸው። ቋንቋና ሃይማኖት ለወጡ፤ የዘር ሐረጋቸውን በአዲስ መንገድ ቆጠሩ። ዛሬ ጀዓሊዪን አያቶቻቸውን እስከ ነቢዩ አጎት እስከ አባስ ድረስ ይቆጥራሉ። ያ ቆጠራ የእነሱ ነው፤ ይኮሩበታል፤ እኛም እናከብረዋለን። ግን ከሥሩ ሌላ የጡብ ረድፍ አለ።»

አባታችን ከኋላ ቆሞ ይሰማ ነበር። ጎንበስ ብሎ አንዲት የጡብ ስባሪ አነሣና በመዳፉ ላይ አገላበጣት። ከዚያ ያነሣበት ቦታ መልሶ አስቀመጣት።

ልጆቹን ሁሉ አድርሰን ወደ ቤታችን ስንመለስ መሽቷል። መዳኒ መንገድ ላይ፣ ከሰፈራችን መታጠፊያ ቀደም ብሎ፣ ሃፍላውን ዳር አውጥቶ ሞተሩን አጠፋ።

«ካርዶቹን የፈታችኋቸው እናንተ ናችሁ» አለ።

ምላሳችን ተያዘ።

«እምዬ ሦስት ዙር አድርጋ ነው የምታስረው። አሁን ያለው ሁለት ዙር ነው። ክሩም አዲስ ነው።»

«አንተ… ካርዶቹን ታውቃቸዋለህ?»

«ያገባሁ ዓመት ነው ያየሁዋቸው። ዐረብኛ አነባለሁኮ።»

«ለምን አልጠየቅካትም?»

መሪውን ይዞ ትንሽ ቆየ። «እንዴት ብዬ? እናቴ አይደለሽም ያልኳት ይመስላታል።»

መሐላችንን ያፈረስነው ያን ጊዜ ነው። በየተራ፣ አንዱ ሲያቅተው ሌላው እየቀጠለ ነገርነው። ስለ ዓርቡ ውኃ፣ ስለ ቅዳሜው፣ ስለ ኩፍኙ። ምንም አላለም፤ የሚያልፉት የጭነት መኪናዎች መብራት ፊቱን እያበራ ያልፋል። ባትሪ ስለያዘው ሰው ስንደርስ፣ ከነጠላዋ ሥር ተኝቶ ነበር ስንለው፣ እጁን ቀስ ብሎ አፉ ላይ አደረገ።

«አልተኛሁም ነበር» አለ።

ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ቅዠት አለው። ጨለማ ነው፤ ብርሃን በጨርቅ ውስጥ ይገባል፤ የሴት እጅ አፉን በኃይል ይዞታል፤ ከውጭ አንድ ሰው ያውራል። ሁልጊዜ ሽፍታ የመጣበት ሌሊት ይመስለው ነበር፤ ያቺ እጅ ያዳነችው። «ሕልም ነው ስል ነበር የኖርኩት» አለ። ከዚያም፣ «የሰውዬውን ድምፅኮ አስታውሰዋለሁ።»

ቤት ስንደርስ አልገባም። ያን ሌሊትና የሚቀጥሉትን ሁለት ሌሊቶች ሃፍላው ውስጥ አደረ። እምዬ ሳይነገራት ገባት፤ ሻይ ልትሸጥ አልወጣችም። የጎረቤት ሰዎች «ሐቦባ ታመመች ወይ?» እያሉ መጡ። እናታችን ምግብ ወደ ሃፍላው ትወስዳለች፤ ግማሹ ይመለሳል። እኛ ያንን ሦስት ቀን ለማንም አንመኝም። የሰው ቁጣ ምክንያት ሲኖረው እንዴት እንደሚያስፈራ አየን፤ ምክንያቱም እኛም ልባችን ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ልጅ ከዘመዶቹ ነጥቃለች። ልጅ አሳድጋለች፤ በሻይ፣ በሰው ቤት ልብስ በማጠብ፣ ሁለቴ ታስራ እየተፈታች። ሁለቱንም ያደረጉት እነዚያው እጆች ናቸው። የትኛውን ይዘን የትኛውን እንልቀቅ?

በአራተኛው ቀን ማለዳ ገባና ከረከቦቱ ፊት ለፊት በርጩማ ላይ ተቀመጠ። እምዬ እጇ እየተንቀጠቀጠ ቡና ቀዳችለት። አልጠጣውም።

«ካርዱ ላይ ያለው የእናቴ ስም ነው?» አላት።

«መዝጋቢዎቹ ዘንድ የነገረቻቸው ነው» አለች እምዬ። «እነሱ እውነተኛ ስማቸውን አይናገሩም ነበር። በትኩሳት ሆና አንድ ሌሊት ሌላ ስም ነገረችኝ። ይህንን ስም ያዥልኝ አለችኝ።»

«ይዘሽዋል?»

ተነሥታ ወደ ጆሮው ጎንበስ አለችና ተናገረች። እኛ አልሰማንም። አባታችን አንገቱን ደፋ፤ ትከሻው ሲንቀሳቀስ ብቻ አየን። እምዬም እንደቆመች፣ «በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ አልልህም። ባልዋሽ ኖሮ ዛሬም እዋሽ ይሆን ብዬ ራሴን እጠይቃለሁ፤ እዋሽ ነበር» አለች። ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም።

«ቡናው በረደ» አለ አባታችን። «ሌላ ቅጂልኝ።»

በሚቀጥለው ሳምንት ከትምህርት ቤት የፈተና ምዝገባ ፎርም ይዘን መጣን። አባታችን እንደ ወትሮው ራሱ ሊሞላው ተቀመጠ። የአያት ስም የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ ዓይናችንን ብዕሩ ላይ ተከልን። እጁ አልቆመም። ሁልጊዜ የሚጽፈውን ያንኑ ስም፣ የእምዬን ባል ስም ጻፈና ፈረመ። የእናቱን ስም ፎርሙ አልጠየቀውም።

ለመምህራችን ሰባት ቤት አልቆጠርንላቸውም። ያገኘነው በአንድ በኩል ሦስት፣ በሌላው በኩል የማንሰማው አንድ ስም ነው። ይህንን ጽሑፍ ስንጨርስ ለአባታችንና ለእምዬ አነበብንላቸው፤ የሰው ስም እስካልተጠራ ድረስ ይታተም ብለው ፈቀዱ። ስናነብላቸው ሳለ ግን ከመካከሉ አንድ ነገር እንደጎደለ ታወቀን። ስለ ሴትዮዋ ጠይቀናል፤ ባትሪ ስለያዘው ሰው ጠይቀናል፤ አባታችን ስለ ራሱ ጠይቋል። በሠላሳ ስድስት ዓመት ውስጥ ግን ማንም ያልጠየቀላት አንድ ልጅ ነበር፤ በኩፍኝ የሞተው፣ እህሉን ለአባታችን የተወለት።

«እምዬ» አልናት፣ «ያንቺ ልጅስ ስሙ ማን ነበር?»

ስኒውን አስቀመጠች። ከሁለታችን ወደ ወንዱ ዞራ ተመለከተች።

«በየቀኑ እየጠራሁት አይደል እንዴ» አለች።